የመድኃኒት እንባ

ባሌን አባይነህን የቀበርን ዕለት ከዓይኔ አንዲት ጠብታ እንባ አልወረደችም። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ብሆን ኖሮ ባልከፋ፤ ነገር ግን ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ግቢ የተሰበሰበው ለቀስተኛ ሁሉ አይቶኛል። ሐረር ደግሞ ያየውን ረስቶ የሚያድር ከተማ አይደለም። ሬሳው ወደ ጉድጓድ ሲወርድ ሰዉ እየጮኸ ወደ እኔ ዓይን ይመለከት ነበር። ደረቴን ደቃሁ፣ አፌን ከፈትኩ፤ ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቆ ድምፅ አልወጣኝም። ዓይኔ አሸዋ የገባበት ይመስል ይቆረቁረኛል እንጂ አይረጥብም። በመጨረሻ ያደረግሁትን እስከ ዛሬ ሲያወሩት እሰማለሁ። ከነጠላዬ ሥር ኮዳ አውጥቼ ውሃ ጠጣሁ።

«ባሏ አፈር ሳይለብስ እሷን ውሃ አማራት» አሉ።

ይበሉ። ኮዳዋ የማን እንደሆነች የጠየቀኝ የለም። አባይነህ የማዘጋጃ ቤት የቧንቧ ሠራተኛ ነበር፤ ኮዳዋ ከውትድርና ዘመኑ ያስቀራት ነች። አፌ መድረቅ ከጀመረ ወዲህ እንጀራው ካልራሰ አልውጥም፣ ቆሎማ ከረሳሁት ቆየሁ፣ ጥርሴም እየተሸረፈ አለቀ። እሱ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ከመውጣቱ በፊት ኮዳዋን ሞልቶ በበሩ ምስማር ላይ ይሰቅልልኛል። «ከተማውን ሳጠጣ ውዬ የራሴን ሰው አስጠምቼ ሰው ምን ይለኛል» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። የሞተ ዕለት ጠዋትም ሞልቶ ሰቅሏት ወጣ። ሥራ ላይ እንዳለ ልቡ ቀጥ አለ። መቃብሩ አፍ ላይ የጠጣሁት ያንን ውሃ ነው።

አርባው እንደ ወጣ ታላቅ ወንድሙ ባላምባራስ ኃይለመስቀል መጣ። ፊት ለፊት እርስዎ ነው የምለው፤ እዚህ ላይ ግን አልገደድም። ዘንጉን ይዞ ግቢውን ዞረ፣ ማድ ቤቱን ከፍቶ አየ፣ ግድግዳውን በጣቱ መታ መታ አደረገ። ቤታችን ከሸዋ በር ወጣ ብላ ያለች የድንጋይ ቤት ነች። አባይነህ ድንጋዩን ሲደረድር ጭቃውን ያቦካሁለት እኔ ነኝ። ልጅ ስላልወለድን ከዚያች ቤት ሌላ እዚህ ምድር ላይ ከእሱ የቀረኝ ነገር የለም።

«ሮማነወርቅ፣ ክረምት ሳይገባ ዕቃሽን ሰብስቢ» አለኝ።

«ወዴት ልሄድ?»

«እሱን አንቺ ታውቂያለሽ። ወንድሜ የምታበስልለት፣ ቤት የምትጠብቅለት ሴት ቀጥሮ ነበር። ሞተ፤ ቅጥሩም አበቃ።»

«እኔ ነኝ ቅጥረኛዋ?»

«ሚስት ብትሆኚ ታለቅሺ ነበር። አገር አይቶሻል እኮ። ዓይነ ደረቅ።»

እጄ ላይ ዘነዘና ነበር። ያን ቀን ያልወረወርኩበት ፈሪሃ እግዚአብሔር ይዞኝ ሳይሆን የጣቶቼ መገጣጠሚያ አብጦ አላስጨብጥ ስላለኝ ነው። «ከዚህ ቤት የምወጣው ወንድምዎ በወጣበት በቃሬዛ ነው» አልኩት። እንደ ፈራሁ እንዳያውቅ በሩን ራሴ ከፍቼ ሸኘሁት።

የፈራሁትም ያለ ምክንያት አይደለም። ጋብቻችን በሽማግሌ ፊት በቃል የተፈጸመ ነው፤ ያኔ ብዙው ሰው እንደዚያ ነበር የሚጋባው። ከዳሩን ሽማግሌዎች በሕይወት የቀሩት አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ብቻ ናቸው። የድሮ ወታደር ናቸው፤ አቦከር ሰፈር ነው የሚኖሩት፤ በሐቀኝነታቸው የሚከበሩ፣ በአመላቸው የሚፈሩ ሰው። እሳቸው ከመሰከሩልኝ ቤቱ የእኔ ነው። ካልመሰከሩልኝ ደግሞ ገረድ ሆኜ እወጣለሁ። በማግስቱ ሄድኩ። በራፋቸው ላይ ተቀምጠው በጩቤ ምርኩዝ ይጠርባሉ።

«አባባ፣ እኔና አባይነህ ስንጋባ ነበሩ» አልኳቸው።

«ነበርኩ።»

«እንግዲያው ፍርድ ቤት ቀርበው ይህንኑ ይናገሩልኝ።»

ጥረባቸውን አላቆሙም። «ልጄ፣ ሚካኤል ግቢ ከጉድጓዱ ማዶ ቆሜ ነበር። ዓይንሽን አየሁት። እኔ ለሰው ስመሰክር ልቤ ሰውየውን ተቀብሎት መሆን አለበት። አንቺን ልቤ አልተቀበለሽም።»

«እኔ የጠየቅሁዎ ስለ ልብዎ አይደለም። ስላዩት ነው።»

«ያየሁትማ ደረቅ ዓይንሽን ነው» አሉና ምርኩዙን አገላብጠው ሌላውን ጎን መጥረብ ጀመሩ።

ኃይለመስቀል ከሰሰኝ። መጀመሪያ የቀረብን ዕለት የችሎቱ ዘብ ኮዳዬን በር ላይ ተቀበለኝ፤ ዳኛ ፊት ውሃ አይጠጣም አለ። ተራዬ ደርሶ «ቃልሽን ስጪ» ስባል «ክቡር ዳኛ» የሚለው ወጣ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ምላሴን ከላንቃዬ ሳላቅቀው የሚሰማው ጠቅታ ለራሴ አሳፈረኝ። ሰው ይስቃል። የተዘጋጀሁበት ነገር ልቤ ውስጥ ተደርድሮ ተቀምጧል፤ የሚያወጣው ምራቅ ጠፋ።

ኃይለመስቀል ነጠላውን አስተካክሎ ተነሣ። «ክቡር ፍርድ ቤቱ ይመልከትልኝ። ይህች ሴት ውሸቷን ልትናገር ስትል አፏ ደረቀ። ወንድሜ ሲቀበርም ዓይኗ እንዲሁ ደርቆ ነበር።»

ዳኛው ክፉ ሰው አልነበሩም። ምስክር እንዳለኝ ጠየቁኝና የወልደ ጊዮርጊስን ስም እንደ ምንም ተንተባትቤ ሰጠሁ። ሽማግሌው በመጥሪያ እንዲቀርቡ አዝዘው ለሌላ ቀን ቀጠሩን። እየተናደድኩ ወጣሁ። ስድብ መቻል አያቅተኝም። ያቃተኝ ለስድቡ መልስ እያለኝ አለመመለሴ ነው።

በር ላይ ጎረቤቴ ሐሊማ ትጠብቀኛለች። ሸዋ በር ገበያ ላይ ድንችና ሽንኩርት ትሸጣለች፤ ያን ዕለት መደቧን ለሰው አደራ ብላ ነው የመጣችው። ኮዳዬን ከዘቡ ተቀብላ ከፍታ ሰጠችኝ።

«አንቺ ታመሻል» አለችኝ። «ወላሂ፣ ይኸ ሕመም ነው። ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን።»

«ጠበል ተጠምቄያለሁ።»

«አልሐምዱሊላህ፣ ጠበሉም ይርዳሽ። ነገ ግን ሐኪም ቤት።»

ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፤ ረዳቱ፣ ድሬሰሩ ሙሉጌታ ያስተረጉምልናል። ሐኪሙ ጉንጮቼን ከጆሮዬ ሥር ጀምሮ ዳሰሰ፣ ጥርሴን አየ፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፈ። ከዚያ ቀጭን ቁራጭ ወረቀት አምጥቶ ጫፏን አጥፎ በታችኛው የዓይኔ ቆብ ላይ አንጠለጠላት። በሌላኛው ዓይኔም እንዲሁ አደረገ። ሐሊማ «ምን ዓይነት ሕክምና ነው ይኸ» ብላ አጉረመረመች። ቆይቶ ወረቀቶቹን አወጣና አሳየን፤ ሁለቱም እንደ ገቡ ደረቅ ናቸው።

«ሲያለቅሱ እንባ ይወጣዎታል ወይ ይላል» አለኝ ሙሉጌታ።

አገር ሁሉ ለምን አላለቀስሽም ብሎኛል። ማልቀሱንስ ትችያለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ይኸ ፈረንጅ ብቻ ነው።

«አይወጣኝም» አልኩ።

ሐኪሙ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና ረጅም ነገር ተናገረ፤ ሙሉጌታም ቀስ ብሎ ወደ አማርኛ መለሰልኝ። «ሰውነታችን ከውጭ የመጣ በሽታን የሚዋጉ ዘበኞች አሉት። የእርስዎ ዘበኞች ተሳስተው ምራቅና እንባ የሚያመነጩትን ዕጢዎች እንደ ጠላት ይወጓቸዋል። የጣቶችዎም እብጠት ከዚሁ ሳይሆን አይቀርም።»

«የገዛ ዘበኞቼ?»

«የገዛ ዘበኞችዎ።»

«ከባላምባራሱ ጋር ተማክረው መሆን አለበት» አልኩ። ሙሉጌታ ይህን አላስተረጎመውም። «ማባረር አይቻልም?»

«አይቻልም ይላል። ነገር ግን ያልሞቱ ዕጢዎች አሉ፤ እነሱን የሚቀሰቅስ መድኃኒት አለ። ፒሎካርፒን ይባላል። ለዓይን ግፊት በሽታ የምናንጠባጥበው ነው፤ ለእርስዎ ውሃ ውስጥ ተንጠባጥቦ ይጠጣል። ከታዘዘው በላይ እንዳይወስዱ፣ ልብ ያስቸግራል። ላብ ያጠምቅዎታል፣ ሽንት ያመላልስዎታል። የሚሠራውም ለጥቂት ሰዓት ነው። በሽታውን አያድንም።»

«ምላሴን ይፈታልኛል?»

«እዚሁ ይጠጡና እንይ ይላል።»

ጠጣሁና ከሐሊማ ጋር በረንዳው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። መጀመሪያ ፊቴ ጋለ። ቀጥሎ ግንባሬንና አንገቴን ላብ አሰመጠው። ሐሊማ በሻሿ ጫፍ እየጠረገችልኝ «ገደሉሽ» ስትል ከምላሴ ሥር አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ሞቅ ያለ፣ ትንሽ ጨው ጨው የሚል። አፌን ዘጋሁና ዋጥኩት፤ ተመልሶ መጣ። ምራቅ ነው። የራሴ ምራቅ። ከሐሊማ ዘንቢል ፉርኖ ዳቦ አውጥቼ ገምጬ አኘክሁ፤ ያለ ውሃ ወረደልኝ። እንደ ሕፃን ደስ አለኝ።

ከዚያ ጉንጬ ረጠበ። ላብ መስሎኝ ጠረግሁት፤ ከዓይኔ ነበር። አባይነህ ይህን ሳያይ ሞተ ብዬ እያሰብኩ ነበርና እንባው ከሐዘኔ ይምጣ ከጠርሙሱ ልለየው አልቻልኩም። ያለመለየቴ አበሳጨኝ።

ሐሊማ ግን አልተበሳጨችም። «አቦ፣ ይኸው አላህ ሰጠሽ» አለች። «ዳኛው ፊት ስትቆሚ ዝርግፍ አድርጊው። ሽማግሌውም ያያል፣ ልቡም ይቀበላል። ስለ ጠርሙሱ ግን ለማንም እንዳትተነፍሺ።»

እውነቱን ለመናገር እስከ ቀጠሮው ድረስ ያሰብኩት ያንኑ ነው። እንባ አይደል የሚፈልጉት? እሰጣቸዋለሁ። እነሱ በማይረባ ነገር ፈረዱብኝ፤ እኔም በማይረባ ነገር እረታቸዋለሁ። ቤቴን ስጠርግ፣ የአባይነህን የሥራ ካፖርት ፀሐይ ላይ ሳሰጣ ይኸው ሐሳብ ከአፌ ምራቅ ጋር ይመላለሳል። ዕዳ የለብኝም እያልኩ ራሴን አጽናናሁ።

የቀጠሮው ቀን ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ሐሊማ ኩባያውን ያዘችልኝ፤ ጠብታውን እንደ ታዘዘው አንጠባጥቤ ጠጣሁ። ዘቡ እንደ ልማዱ ኮዳዬን ተቀበለ። ውሰዳት አልኩት፤ ዛሬ አልፈለግኋትም።

ተራዬ ሲደርስ ተናገርኩ። ያን ሁሉ ጊዜ ተጠራቅሞ የቆየው ቃል ተራ በተራ ወጣ። እንዴት እንደ ተጋባን፣ ድንጋዩ ከየት እንደ መጣ፣ ጣሪያው ሲመታ ማን ቆርቆሮውን እንደ ያዘ፣ አባይነህ ወባ ይዞት ሳለ ወንድሙ አንድ ቀን እንኳ ደጃፉን እንዳልረገጠ ተናገርኩ። ኃይለመስቀል ሊያቋርጠኝ ቢሞክር ዳኛው እጃቸውን አነሡበት። በመካከሉ ላቡ መጣ፤ የጥቁር ቀሚሴ አንገት ራሰ። ከዚያ እንባው መጣ። በሁለቱም ጉንጬ ወረደ።

የችሎቱ ሰው ሲለወጥ ይታወቀኛል። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ዳኛው «ወንበር ስጧት» አሉ። የኃይለመስቀል ፊት አመድ መሰለ። ከምስክሮች አግዳሚ ላይ የተቀመጡት አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አፍጥጠው ያዩኛል። ተጠርተው ቆሙ፤ በመስቀል ማሉ።

«ክቡር ዳኛ» አሉ፤ ድምፃቸው ተሰበረ። «እኔ ይህችን ሴት በድያታለሁ። ልበ ድንጋይ መስላኝ ነበር። ዛሬ እንባዋን አየሁ። አሁን ልቤ ተቀብሏታልና...»

ቤቱ እጄ ገብቷል። ዝም ማለት ብቻ ነው የቀረኝ። ነገር ግን እንባዋን አየሁ ሲሉ አንድ ነገር ደሜን አፈላው። በብርድ እጁን እያሸሁለት የኖርኩት ኑሮ፣ በየጠዋቱ የሰቀለልኝ ኮዳ፣ ያ ሁሉ ምስክር አጥቶ አንድ ጠርሙስ ሊመሰክርለት ነው። ያኔ ሚስቱ አልነበርኩም፣ ዛሬ ጠብታ ስጠጣ ሚስቱ ሆንኩ ማለት ነው። ይህን ከዋጥኩ የኃይለመስቀልን ቃል ተቀበልኩ ማለት ነው።

«አባባ፣ ይቆዩ» አልኩ።

ዳኛው ቀና አሉ።

«ይህ እንባ የመድኃኒት ነው» አልኩ። «ዛሬ ጠዋት ጠጥቼው ነው የመጣሁት። ምራቅና እንባ የሚያደርቅ በሽታ አለብኝ። ሐኪም ቤት ምላሴን የሚፈታ ጠብታ ሰጡኝ፤ ዓይኔንም አብሮ አረጠበው። ላቡም የእሱ ነው።»

ከኋላ ሐሊማ «ያ ረቢ» ስትል ሰማኋት። ኃይለመስቀል ዘንጉን መሬት መትቶ ተነሣ። «አላልኩም? በገዛ አፏ። እንባ ገዝታ መጣች።»

«ይቀመጡ» አሉት ዳኛው።

«ይስሙኝ እንጂ ባላምባራስ» አልኩት። «ወንድምዎን ስቀብር መድኃኒቱ አልነበረኝም። ስለዚህ አላለቀስኩም። ይቅርታ ግን አልጠይቅም። ለእሱ ያላለቀስኩትን ለቤት ብዬ አላለቅስም።» ወደ ሽማግሌው ዞርኩ። «አባባ፣ ልብዎን ይተዉት። ስንጋባ ነበሩ ወይስ አልነበሩም? አልነበርኩም ካሉ ቤቱን ባላምባራስ ይውሰዱት።»

አቶ ወልደ ጊዮርጊስ መሬት መሬት አዩ። እንባዬ ግን መውረዱን አልተወም፤ መድኃኒቱ ምን ቸገረው፣ ሰዓቱ አልደረሰም።

«ክፉ ሴት ነሽ» አሉኝ በመጨረሻ። «በስተርጅና ሰው ፊት አዋረድሽኝ። አሁንም ልቤ አልተቀበለሽም።» ከዚያ ወደ ዳኛው ዞረው እንደ ወታደር ቀጥ ብለው ቆሙ። «ነበርኩ፣ ክቡር ዳኛ። የእሷን እጅ በአባይነህ እጅ ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ሚስቴ ነች፣ ያለኝ ሁሉ የእሷም ነው ሲል በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ይህን ያን ጊዜም አውቅ ነበር፤ ለመናገር የማንንም ዓይን ማየት አልነበረብኝም።»

ቤቱ ተፈረደልኝ። ኃይለመስቀል ይግባኝ እላለሁ እያለ ሲፎክር ከረመ፤ ይግባኙን ግን አላየሁም። ያን ዕለት ከችሎት ስወጣ መድኃኒቱ አልቆ ምላሴ እንደ ገና ደርቆ ነበር። ኮዳዬን ከዘቡ ተቀብዬ እዚያው ደረጃው ላይ ጠጣሁ። ሐሊማ እስከ ሸዋ በር አላናገረችኝም። እዚያ ስንደርስ «ሞኝ ነሽ» አለችኝና ሽንኩርት ከመደቧ አንሥታ በነጠላዬ ቋጠረችልኝ።

የአባይነህ ሙት ዓመት ሲደርስ ሕዝቡ እንደ ገና ሚካኤል ግቢ ተሰበሰበ። ኃይለመስቀልም ከነዘመዱ መጣ። ጠዋት ሐሊማ ጠርሙሱን ከመደርደሪያው አውርዳ አቀበለችኝ። «ዛሬስ ይዩልሽ» አለች።

መድኃኒቱን አላማም፤ ዕድሜ ይስጠው። በእሱ እበላለሁ፣ በእሱ ከሰው ጋር እጫወታለሁ፣ በእሱ እንቅልፍ አገኛለሁ። ለዚህ ግን አልወሰድኩትም። ጠርሙሱን ወደ መደርደሪያው መልሼ ኮዳዬን ሞልቼ ሄድኩ። አባይነህ የሚያውቃት ሚስት አፏ የደረቀባት ናት፤ እሷው ትሂድለት አልኩ።

መቃብሩ ዘንድ ቆምኩና ሙሾውን እኔ ጀመርኩ። ሰው ሁሉ ዓይኔን አየ፤ ምንም አላገኘም። ድምፄ ሻካራ ነው፣ ምላሴም እየተጣበቀ ያስቸግረኛል። አንድ ስንኝ እልና ኮዳዬን አንሥቼ እጠጣለሁ፣ ሌላ እልና እጠጣለሁ። የኃይለመስቀል ዘመዶች ሲንሾካሾኩ አየሁ። ፊታቸውን እያየሁ ጠጣሁ። ሴቶቹ መጀመሪያ አመነቱ፤ ኋላ ከወዲያ ጥግ አንዷ ተቀበለችኝ፣ ሌሎቹም ተከተሉ። ስለ እሱ የምለው ብዙ ነበርና ከግማሹ ሳልደርስ ኮዳዋ ባዶ ሆነች። ገለበጥኳት፤ ጠብታ የለም። ድምፄ ተቆረጠ።

ያኔ አንድ እጅ ኮዳዋን ከእጄ ወሰዳት። አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ናቸው። በምርኩዛቸው እየተደገፉ ለቀስተኛውን ሰንጥቀው አጥሩ ጥግ ወዳለችው ቧንቧ ሄዱ። ያችን ቧንቧ የዘረጋት አባይነህ ነው። ሕዝቡ ሁሉ እያያቸው ጎንበስ ብለው ሞሉ፤ ከደኑ፤ ይዘውልኝ መጡ።

«አሁንስ ልብዎ ተቀበለኝ?» አልኳቸው በማይሰማ ድምፅ።

«አልተቀበለሽም» አሉ። «ጠጪና ቀጥዪ።»

ጠጣሁና ቀጠልኩ።